ውሃ የምትፈራ እህትን ለመጀመሪያው ትራያትሎን ማዘጋጀት፦ ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው የጎንደር ነዋሪ ናቸው። የ26 ዓመት ታናሽ እህታቸው ከ14 ሳምንት በኋላ ከከተማችን ውጪ በሐይቅ ዳር በሚካሄድ የትራያትሎን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሳተፍ ተመዝግባለች። ውድድሩ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሩጫው አያሳስባትም፤ ብስክሌትም በልጅነቷ ነድታለች። ዋና ግን ከጀመረች ገና አንድ ወሯ ሲሆን፣ ባለፈው ሳምንት በልምምድ ቀን አልቅሳለች። እናታቸው «ውሃ አይታመንም» እያሉ ነገሩን ይቃወማሉ፤ ጠያቂው ራሳቸውም ዋና አይችሉም። «እኔ የማውቀው አይዞሽ ማለት ብቻ ነው፤ እሱም የሚያባብስባት እየመሰለኝ መጣ። ልገፋፋት ወይስ ላስቀራት?» ሲሉ ጽፈዋል።

በመጀመሪያ፣ የታዘቡት ነገር ትክክል ነው። «አይዞሽ» ለታመመ፣ ለተከዘ፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው ምትክ የማይገኝለት ቃል ነው። ነገር ግን ገና ምንም ሳይደርስባት ገንዳ ዳር ለቆመች ሰው ደጋግመን ስንለው ሌላ መልእክት ይይዛል። ከዓመታት በፊት ዋና አስተምራት የነበረች አንዲት ወጣት ፊቷን ወደ ውሃው ባስገባች ቁጥር አይዞሽ እላት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠርዙን ይዛ ቆመችና በትሕትና «እርስዎ አይዞሽ ባሉኝ ቁጥር እኔ ያላየሁት የሚያሰጋ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለችኝ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቃሉን ገንዳ ዳር መጠቀም ትቼ ቀጥሎ የሚሆነውን ነገር ብቻ መናገር ጀመርኩ፦ «አሁን ጠርዙን እንደያዝሽ አምስት ጊዜ አረፋ ታወጫለሽ፤ ከዚያ ቀና ትያለሽ፤ ከዚያ እናርፋለን።» ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ አየሁ።

ፍርሃት በምክር ሲቀንስ ብዙ አላየሁም፤ ያልታወቀው ነገር አንድ በአንድ እየታወቀ ሲሄድ ግን ሲቀንስ ሁልጊዜ አያለሁ። ስለዚህ መግፋቱም ማስቀረቱም የእርስዎ ድርሻ አይደለም። የእርስዎ ድርሻ እህትዎ የማታውቃቸውን ነገሮች፣ ማለትም የውሃውን ቅዝቃዜ፣ የትንፋሿን ጠባይ፣ የመንገዱን ዳገት፣ የውድድሩን ሥርዓትና የዚያን ዕለት ጠዋት የሚሆነውን ሁሉ፣ አስቀድማ እንድታውቃቸው መንገድ ማመቻቸት ነው። መቀጠልም መተውም የእሷ ውሳኔ መሆኑን ዛሬውኑ በግልጽ ይንገሯት። አንድ ጊዜ ከተናገሩት በኋላ ግን አይደጋግሙት፤ ሲደጋገም ጥርጣሬ ይመስላልና።

ያስለቀሳት ነገር ምን እንደሆነ ባላይም ብዙውን ጊዜ መነሻው ትንፋሽ ነው። ጀማሪ ሰው ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲያስገባ ጉንጩን ነፍቶ አየሩን አፍኖ ይይዛል። ከዚያ ለመተንፈስ ቀና ሲል በዚያች አጭር ቅጽበት ያፈነውን አየር ማስወጣትም አዲስ አየር ማስገባትም ስላለበት ሁለቱንም በቅጡ ሳያደርግ ተመልሶ ይገባል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ «አየር አጠረኝ» የሚል ከባድ ስሜት ይመጣል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ትንፋሽ ተቋርጦ ሲቆይ አየር እንድንስብ የሚያስጨንቀን ስሜት በዋነኛነት የሚመጣው ኦክስጅን በማለቁ ሳይሆን ያልወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመከማቸቱ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ይበልጥ መሳብ አይደለም፤ ፊቷ ውሃ ውስጥ እያለ የተቃጠለውን አየር በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያደረጉ ማስወጣት ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ሰዎችን ሲያረጋጋ አይቻለሁ፤ «ሳንባዬ ደካማ ነው» ብለው ያምኑ ስለነበር ነው።

ይህን ለመለማመድ ገንዳ አያስፈልግም። ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይቅዱና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። እህትዎ ፊቷን እስከ ጆሮዋ ድረስ አስገብታ፣ እምም የሚል ድምፅ እያሰማች፣ እስከ አምስት በሚቆጠርበት ጊዜ ውስጥ አየሩን በአረፋ ታውጣ፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ በአፏ ትሳብ። በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ ይበቃል። ታዲያ ከእሷ ቀጥሎ እርስዎም ያድርጉት። ይህን የምለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም፤ ፊትዎ ውሃው ውስጥ ሆኖ በሦስተኛው ቁጥር ላይ የሚሰማዎትን ነገር ካላወቁ፣ ገንዳ ውስጥ ሆና የምትነግርዎትን መረዳት አይችሉም። እናትዎ አጠገብ ቢቀመጡ ደግሞ እሰየው፤ ነገሩን ሳፋ ውስጥ ማየት ይጀምራሉ።

ወደ ገንዳው ስንመጣ፣ በከተማችን አብዛኛው ሰው የሚለማመደው በሆቴል ገንዳ ነው። እነዚህ ገንዳዎች ብዙውን ጊዜ ለመዝናኛ የተሠሩ በመሆናቸው ርዝመታቸው 25 ሜትር ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በሜትር ይለኩት፤ 15 ሜትር ከሆነ ለምሳሌ 750 ሜትር ማለት 50 ጊዜ መሻገር ነው። የወለሉ ጥልቀት ከየት ጀምሮ እንደሚወርድም ጠይቀው ያሳዩዋት። ያልሞቀ ገንዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ትንፋሽን የሚያስቆራርጥ ድንጋጤ ይይዘዋል። ይህ ድንጋጤ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሲሆን በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ፊቷን፣ አንገቷንና ክንዷን በውሃው ታርጥብ፤ ከገባች በኋላም እስከ ደረቷ ቆማ ትንፋሿ እስኪረጋጋ ሳትዋኝ ትጠብቅ። ብዙ ጀማሪዎች ልምምዱን የሚያበላሹት በዚህች ሁለት ደቂቃ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ርቀት አትቁጠሩ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ሦስት ነገሮችን ብቻ ትማር፦ አረፋ ማውጣትን፣ በጀርባ መንሳፈፍንና በደረቷ እየዋኘች ሳለ ወደ ጀርባዋ ተገልብጣ ማረፍን። ከሦስቱ እኔ የማስበልጠው የመጨረሻውን ነው። በፈለገችበት ቅጽበት ተገልብጣ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ አምስት ደቂቃ መንሳፈፍ የምትችል ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥም ማረፊያ ይዛ ትሄዳለች ማለት ነው። ነጻ ቀዘፋው፣ ማለትም ክንድን በተራ በተራ ወደፊት እየወረወሩ መዋኘት፣ ከዚያ በኋላ በአሠልጣኝ ይመጣል፤ ካስቸገራትም በውድድሩ ላይ እንደ እንቁራሪት በሚዋኙበት በደረት ቀዘፋም ሆነ በማንኛውም ሌላ መንገድ መዋኘት የሚፈቀድ መሆኑን ትወቅ። ሴት አሠልጣኝ የምትመርጥ ከሆነም ሳታፍር ትጠይቅ፤ የሚያስተምር ሰው እጅ ጀርባዋን ደግፎ እንዲይዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ የመመቸቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም።

እርስዎ ዋና ስለማይችሉ ቦታዎ ከጠርዙ ላይ ነው፤ ምንም ቢሆን ዘለው አይግቡ። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በ10 ሜትር ገመድ አስረው ይያዙ፤ ከመያዝም በላይ በእያንዳንዱ ልምምድ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ወርውረውላት እሷ ይዛው እርስዎ ይጎትቷት። የሚሰምጥ ሰው ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውሃው ልክ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ክንዶቹ በጎንና በጎን ውሃውን ወደታች ይጫናሉ፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ሁሉም ነገር በዝምታ ይሆናል። ስለዚህ እሷ ውሃ ውስጥ ባለችበት ጊዜ ስልክዎ ኪስ ውስጥ ይሁን። ዋና የሚችልና ነፍስ ማዳን የሚያውቅ ሰው በቦታው ከሌለ ደግሞ የዚያ ቀን ልምምድ ይቅር።

ከጎንደር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስላለ ላንሣው። የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ተሞልቶ ወጣቶች ሲዘሉበት የሚያየው ሁሉ «ለምን እዚያ አንለማመድም» ይላል። ቦታው የሚሞላው ለበዓሉ ነው፤ የሚባረክ ውሃ ነው፤ ዙሪያውም ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ በዘረጉ ዛፎች የተያዘ ቅርስ ነው። ለስፖርት ልምምድ የሚሆን ቦታ አይደለም፤ በጥምቀት ዕለት በሚዘል ሕዝብ መካከል ውሃን መልመድም ለፈራ ሰው ተገቢ አይደለም።

ውድድሩ በሐይቅ ላይ ስለሆነ ከገንዳ ውጪ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መዋኘቷ የግድ ነው፤ ሆኖም በገንዳ ውስጥ ሳታቋርጥ 400 ሜትር ከመዋኘቷ በፊት አይሆንም። ለእኛ ቅርቡ ጣና ነው፤ ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ጣና በጠዋት የተረጋጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለጀማሪ አይሆንም። እምቦጭ በተንሣፈፈበትም ሆነ ሥሩ በተጠላለፈበት ዳርቻ አትግባ፤ ጉማሬ የሚያዘወትርበትን ቦታ ደግሞ ባለታንኳዎቹ ያውቁታልና ጠይቁ። ታንኳ ተከራይታችሁ፣ ዋና የሚችል ሰው ይዛችሁ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እንጂ ወደ መሐል ሳትገባ ትዋኝ። በሐይቅ ውስጥ ወለሉ አይታይም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ዓይኗን ከውሃው በላይ ብቅ እያደረገች በየስድስት ወይም በየስምንት ቀዘፋው አንድ ዛፍ ወይም ቤት ማየት ትልመድ። ይህም አቅጣጫዋን ያስይዛታል፤ ሐሳቧም ከሥሯ ካለው ጨለማ ይልቅ በሚታይ ነገር ላይ ያርፋል።

ስለ ጣና ሳነሣ ቢልሃርዚያን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሐይቁ ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው ይህ በሽታ በጣና አካባቢ የታወቀ ነው፤ ትሉም በቆዳ በኩል ይገባል። ከዋና በኋላ ሰውነትን በፎጣ ማድረቅ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ ከዋኘች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሰገራ ምርመራ ታድርግ፤ ከተገኘባትም ፕራዚኳንቴል በሚባለው መድኃኒት ይታከማል። ይህን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል፤ እናትዎም ከሌላ ሰው ሰምተው ከሚደነግጡ ከእርስዎ ቢሰሙት ይመረጣል።

የጤና ምርመራው ከዚህም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2016 በአሜሪካ የትራያትሎን ውድድሮች ላይ የደረሱ ሞቶችንና ድንገተኛ የልብ መቆሞችን የመረመረ ጥናት ከ135 አጋጣሚዎች 90ዎቹ በውሃ ዋናው ክፍል የደረሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ከተሳታፊው ብዛት አንጻር እጅግ ትንሽ ነው፣ ከ100,000 ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹም በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች ነበሩ። ቢሆንም በአገራችን በልጅነት ከሚደርስ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የሚመጣ የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ላይ ስለሚታይ፣ ሐኪም ልቧን በማዳመጫ ይስማላት፣ የደም ግፊቷም ይለካ። በልምምድ ጊዜ ራሷን ስታ የወደቀች እንደሆነ፣ ደረቷን አጥብቆ የሚይዛት ሕመም ካለ፣ አስም ካለባት፣ ወይም ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳይደበቅ ይነገር። በውሃ ውስጥ የሚጀምርና እረፍት ተወስዶ የማይበርድ ሳል ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ በተለይ አክታው ሮዝ አረፋ ካለበት፣ ያ ፍርሃት ስላልሆነ ወዲያው ወጥታ ወደ ሕክምና ትሂድ።

አሁን ደግሞ የምመክርዎት ነገር ለአንዳንድ ሰው ተስፋ ማስቆረጥ ይመስላል፤ እኔ ግን ለተጨነቀ ጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ማረፊያ አላውቅም። የውሳኔ ቀን ይኑራችሁ፤ ዘጠነኛው ሳምንት መጨረሻ ይሁን። በዚያን ቀን በገንዳ ውስጥ 400 ሜትር ሳታቋርጥ ከዋኘችና በፈለገችበት ጊዜ ተገልብጣ መንሳፈፍ ከቻለች ትቀጥላለች። ካልቻለች ዋናውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆይታ ሩጫ፣ ብስክሌትና እንደገና ሩጫ ያለበትን ዱአትሎን ትፈልጋለች። ዱአትሎን ራሱን የቻለ ውድድር ነው፤ እንደ ሽንፈት መነገር የለበትም፤ እርስዎም ስሙን ሲጠሩ ድምፅዎ ዝቅ እንዳይል። ቀኑ ተቆርጦ ከታወቀ «ይቻለኛል ወይስ አይቻለኝም» የሚለው ጥያቄ በየምሽቱ መመለስ የሚገባው መሆኑ ይቀራል። እስከዚያ ድረስ ሥራ ብቻ ነው ያለው።

ብስክሌቱን በተመለከተ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ጎማው ወፍራም የሆነ የተራራ ብስክሌትም 20 ኪሎ ሜትሩን ያደርሳል። ኮርቻው በልኳ መሆኑን፣ ሁለቱም ፍሬኖች መያዛቸውንና ማርሹ መቀያየሩን ያረጋግጡ፤ ጎሚስታ ቤት ወስደዋት ጎማ ማውጣትና መለጠፍን በእጇ ትሥራ። በከተማችን ከመሐል ወደ አዘዞ ያለው መንገድ ሲሄዱ ቁልቁል ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ፣ ጥንካሬ ሳይኖራት እስከ መጨረሻው ወርዳ መመለስ እንዳያቅታት ግማሽ መንገድ ላይ መመለስ ትጀምር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገና ባጃጅ ሳይበዛ መውጣት ጥሩ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ለከፋ መኖሩን እርስዎም ያውቃሉ፤ ብዙ ጀማሪ ሴቶች ልምምድ የሚያቋርጡት በድካም ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርስዎ ወይም ጓደኛዋ በሌላ ብስክሌት ከኋላዋ ቢሆኑላት ከማንኛውም ምክር ይበልጥባታል። የሚናገረውን ሰው መልስ ለመስጠት አትቁሙ።

የሩጫው ነገር አጭር ነው፤ ትችላለች። ልትለማመደው የሚገባት ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥን ብቻ ነው፤ እግር ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንጨት ይሆናልና። ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ከብስክሌት በኋላ አሥር ደቂቃ ትሩጥ፤ ስሜቱን ካወቀችው በውድድሩ ዕለት አያስደነግጣትም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ እዚህ የከበዳት ዳገት ዝቅ ባለ ሐይቅ ዳር ትንሽ እንደሚቀልላት ይንገሯት። በየአራተኛው ሳምንት ልምምዱ በሲሶ ይቀነስ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ደግሞ በግማሽ።

ከዋናው ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌቱ ወደ ሩጫ የሚታለፍበትን የመቀያየሪያ ሥፍራ በግቢያችሁ ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። ፎጣ መሬት ላይ አንጥፉ፤ በላዩ ላይ ሄልሜቱን ማሰሪያው ወደ ውጪ ተዘርግቶ፣ ጫማዋን ተከፍቶ፣ ቁጥሯን በቀበቶ ላይ ታስሮ አስቀምጡ። ገላዋ እንደረጠበ፣ ጫማዋን ስታጠልቅ እግሯ ሲጣበቅባት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ እዚያው ግቢ ውስጥ ትየው። ደንቡ ሄልሜቱ ታስሮ ሳይቆለፍ ብስክሌቱን ማንሣት አይፈቅድም፤ ብስክሌቱ ወደ ቦታው ሳይመለስም ሄልሜቱን መፍታት አይፈቀድም። አሥር ጊዜ ያህል ከደጋገመችው እጇ ራሱ ያውቀዋል። እርስዎ ሰዓት ይያዙ፤ ግን ሰዓቱን እስክትጠይቅ አይንገሯት።

ስለ ምግብ ዋናው ነገር በውድድሩ ጠዋት አዲስ ነገር አለመሞከር ነው። ከሁለት ከሦስት ሰዓት በፊት በሶ በማር፣ ወይም ዳቦ በማር ትብላ፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከማታ ጀምሮ ይቅር። ቡና የለመደች ከሆነች ትጠጣ። በጾም ወቅት የምትለማመድ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ፣ ከባዱን ልምምድ ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ወደ 11 ሰዓት ታድርገው፤ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ይብዛላት። ባዶ ሆድ፣ ድካምና ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ላይ ለፈራ ሰው አይበጁም። የጾሙን ጉዳይ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገርበት ይሻላል እንጂ እኔም እርስዎም አንወስንላትም።

እናትዎን በክርክር ለማሳመን አይሞክሩ። «ውሃ አይታመንም» ማለታቸው እውነት ነው፤ እኔም አሠልጣኝ ሆኜ የማምንበት ነው። ጀሪካኑን፣ ገመዱንና ነፍስ አድኑን የምናዘጋጀው ስለማይታመን ነው። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት፣ እህትዎ በጀርባዋ መንሳፈፍ ከቻለች በኋላ፣ አንድ ቀን ይዘዋቸው ወደ ገንዳው ይሂዱ። ልጃቸው ውሃ መሐል ተገልብጣ ስታርፍ ያዩ እናት የሚሉትን ነገር ለእሳቸው ይተዉት።

በውድድሩ ዋዜማ እንቅልፍ ባይወስዳት አትደንግጡ፤ አንድ ሌሊት ማጣት አቅሟን ብዙ አይጎዳውም፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች በደንብ መተኛቷ ነው የሚጠቅማት። በጠዋት ልቧ ይመታል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ደጋግማ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳለች፤ ሰውነት ለሥራ ሲዘጋጅ የሚያደርገው ይኸው መሆኑን ከሳምንት በፊት ይንገሯት። ከመነሣቱ በፊት ውሃው ውስጥ ገብታ የቅዝቃዜው ድንጋጤ እስኪያልፍ ትቆይ። ሲነሡ ከኋላ ወይም ከዳር ትቁም፤ ብዙኃኑ ከሄደ በኋላ እስከ 20 ቆጥራ ትጀምር። 20 ሰከንድ ከ750 ሜትር ላይ ምንም አይደለም፤ በእጅና በእግር መካከል ከመዋጥ ግን ያድናታል። መሐል ላይ ብትደክም የቆመ ታንኳ ወይም የተንሳፈፈ ምልክት ይዛ ወደፊት ሳትራመድ ማረፍ ደንቡ ይፈቅድላታል፤ እርዳታ ካስፈለጋት አንድ እጇን ከራሷ በላይ ታነሣለች።

እርስዎ ወደ መቀያየሪያው መግባት፣ ዕቃ ማቀበል፣ አጠገቧ መሮጥ አይፈቀድልዎትም፤ ይህ ያስቀጣታል። ሦስት ቦታ ይቁሙ፦ ከውሃው የምትወጣበት፣ በብስክሌት የምትወጣበትና ሩጫው አራት ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሆንበት። የምትሰማው ድምፅ ብዙ ስለሚሆን አንድ ቃል አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ የማሠለጥናቸው ቤተሰቦች «አረፋ» ይላሉ፤ ትርጉሙ አየርሽን አውጪ ማለት ነው፤ በሩጫው ላይም ያገለግላል። በስሟ ይጥሯትና ቃሉን ይበሉ፤ በቃ። ርቀቱን በትክክል ሳያውቁ «ትንሽ ነው የቀረሽ» አይበሏት። ከፊቷ ቀድማ ያለችውን ሴት እያሳዩም «ያዣት» አይበሏት።

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ስላልተገለጹ፣ ቢጽፉልኝ ምላሹን ላስተካክል እችላለሁ። አንደኛው እህትዎ ያለቀሰችው ውሃ ውስጥ ሳለች ነው ወይስ ከወጣች በኋላ፤ ውሃ ውስጥ ከሆነ ነገሩ የትንፋሽ ነው፣ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን አንድ ሰው የተናገራት ነገር ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው በልጅነቷ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ደንግጣ ታውቅ እንደሆነ ነው። እሱን ሲጠይቋት ገንዳ ዳር አይሁን፤ ሳፋው ከተነሣ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ይጠይቋት።